ጢስ ዓባይን በእግር ዞሮ ማየት

አንድን አገር በኦቶሞቢል ተቀምጦ ማየትና በእግር ሄዶ ማየት ምን ያህል የተለያየ መሆኑን ሞክሮ ያየ ሰው ያውቀዋል። በኦቶሞቢል የሚሄድ የሚደርስበትን ስፍራ ያያል፤ በእግሩ የሚሄድ ግን በመካከል ያለውን ሁሉ ያያል። ደግሞም በሄደበት መንገድ የሚመለስ መንገደኛ የአገሩን አንድ ፊት ሁለት ጊዜ ሲያይ፣ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ዞሮ የሚመለስ ፊቱንም ጀርባውንም ያያል። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከባሕር ዳር በታች በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዙሪያ የሚደረገውን የእግር ጕዞ ነው። መንገዱ ሸለቆውን፣ ዱሩንና እርሻውን አዳርሶ ከተነሡበት ስፍራ የሚመልስ ስለ ሆነ ልጆችንም ይዞ ለመሄድ የሚመች ነው። ይልቁንም ስለ ዓባይ ውኃ አከፋፈል ለመናገር ወይም ለመፍረድ ለሚወድ ሰው፣ ከብዙ ወረቀት የበለጠ የሚያስተምር መንገድ ነው።

ዓባይ በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና ባሕር መግባቱን፣ ከባሕሩም በባሕር ዳር በኩል መውጣቱን ሁሉ ሰው ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶና ተረጋግቶ ይሄድና፣ ምድሩ በድንገት ከሥሩ ይከዳዋል፤ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለውም ገደል ይወረወራል። ክረምት ሞልቶ በሚወርድበት ጊዜ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውኃው ዐለቱን ሲመታ የሚነሣው ርጭት ከሩቅ ለሚያየው ጢስ ስለሚመስል ስፍራው ጢስ ዓባይ ተባለ፤ ጢስ እሳት የሚሉትም አሉ። የዚህ ፏፏቴ ሥዕል ለብዙ ዘመን በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በየሰው እጅ ሲዘዋወር የኖረ ስለ ሆነ፣ ስፍራውን በዐይኑ ያላየ እንኳ መልኩን አይስተውም። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥም በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጐበኙ ጊዜ እዚህ ድረስ መጥተው ተመልክተውታል።

ገደሉ ከምን እንደ መጣ ልጆች መጠየቃቸው አይቀርምና፣ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዚህ አገር ላይ ፈስሶ ረጋ። ጣናም ባሕር ሊሆን የቻለው ይኸው ድንጋይ የውኃውን መውጫ ስለ ዘጋበት ነው። ወንዙ ግን መንገድ መፈለጉን አልተወም፤ በጠንካራው ዐለት ላይ ሄዶ ሄዶ ከጫፉ ሲደርስ ይወድቃል። እንግዲህ ጢስ እሳት የሚለው ስም፣ ባይታሰብበትም እንኳ፣ ከስፍራው ታሪክ ጋር የተስማማ ነው፤ ዛሬ ውኃ የሚወርድበት ስፍራ ቀድሞ በእውነት እሳት የፈሰሰበት ነበርና።

ጕዞው የሚጀመረው ከጢስ ዓባይ ከተማ ነው። እዚያ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ፣ ከአገሩ ልጆች መንገድ የሚያውቅ መሪ ይዞ መነሣት የተለመደ ነው። ከከተማው እንደ ወጡ መንገዱ ድንጋያማ ሆኖ ቍልቍል ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ፏፏቴው ገና አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከቀኝ ከግራ ሳይለይ ይሰማል። ወደ ሸለቆው ውስጥ በተወረደ መጠን አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ግራሩና ቍጥቋጦውም እየበዛ ይመጣል። ከዚህ ላይ የተመለከተ ሰው የሚገርመው፣ ከላይ እንደ ሜዳ ሰፍቶ የነበረው ዓባይ ከገደሉ በታች ወደ ጠባብ የዐለት ስንጥቅ ገብቶ መጨነቁ ነው። ያን ያህል ውኃ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ፣ በብዙ ሕዝብ መካከል በአንዲት በር ለመውጣት የሚጋፋ ሠራዊት ይመስላል።

በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ የአላታ ድልድይ ተሠርቷል። ይህ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1618 ዓ.ም. ገደማ፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1626 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ በአገራችን በድንጋይ ቅስት ከተሠሩት ድልድዮች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ መሆኑ ይነገርለታል። በዚያ ዘመን ፖርቱጋሎች በቤተ መንግሥት አካባቢ ስለ ነበሩ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ዓባይ ጐጃምንና በጌምድርን የሚለይ ወሰን ስለ ነበረ፣ ክረምት በገባ ቍጥር ነጋዴውም መልእክተኛውም ከወዲህና ከወዲያ ቆሞ የውኃውን መጕደል መጠበቅ ግዴታው ነበር። የድልድዩ ሠሪዎች ወንዙ ሰፍቶ በተረጋጋበት ስፍራ ሳይሆን በጠበበበትና በተቈጣበት ስፍራ ላይ መሥራታቸው ጥበባቸውን ያስረዳል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ረጋ ያለውን ውኃ ይመርጥ ነበር፤ ዙሪያውን የዞረ ግን አጭሩ መሻገሪያ ከአስፈሪው ላይ መሆኑን ያውቃል። ድልድዩ ዛሬም ሥራውን አልተወም። በገበያ ቀን እህል የተጫኑ አህዮች፣ ከብት የሚነዱ እረኞች፣ ጥላ የያዙ ካህናትና ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ሕፃናት ይሻገሩበታል፤ ተሻጋሪዎቹም አራት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ሥራ ከእግራቸው በታች መሆኑን ልብ ሳይሉ ያልፋሉ። ይህም ለመልካም ሥራ ሁሉ የሚገባው ምስጋና ነው።

ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ ሰው አንዲት ትንሽ መንደር ያገኛል። እዚያ ሴቶች ቡና አፍልተው ይጠብቃሉ፤ ልጆችም ሸማና ከቅል የተሠራ ዕቃ ለሽያጭ ያቀርባሉ። ከመንደሩ ጥቂት እንደ ተራመዱ ሸለቆው በድንገት ይከፈትና ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረምና በጥቅምት ለሚመጣ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጭ መጋረጃ የተዘረጋ ይመስለዋል፤ ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ በሆነች ጊዜ ደግሞ በርጭቱ ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግቶ ያያል። በሚያዝያ የሚመጣ ግን ከጥቍሩ ዐለት ላይ የሚወርዱ ጥቂት የውኃ ፈትሎች ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህም ነገር በቀድሞ ዘመን በሁለት የውጭ አገር ሰዎች መካከል የተነሣው ክርክር መታወስ ያለበት ነው። በሱስንዮስ ዘመን የመጣው የፖርቱጋል ሰው ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ ከዐለቱ ሥር ገብቶ እንደ ተቀመጠ ጽፏል። የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በግንቦት 1762 ዓ.ም. ወንዙ መሙላት ከጀመረ በኋላ መጥቶ አየና፣ የሎቦ ቃል የማይሆን ነገር ነው ብሎ ነቀፈው። በቁመቱም አልተስማሙም፤ ሎቦ 50 ጫማ ያህል ነው ሲል፣ ብሩስ ደግሞ ወደ 40 ጫማ ይቀርባል አለ። እውነተኛው ልክ ግን ከ130 ጫማ በላይ ነው። እንግዲህ ሁለቱም የተማሩና ብዙ አገር ያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዐይናቸው ሁለቱንም አሳሳታቸው። ስለ መቀመጡም ነገር፣ ውኃው በበጋ ሲሳሳ ሰዎች ወደ ፏፏቴው ሥር ይጠጋሉ፤ ሲሞላ ደግሞ ማንም አይደፍረውም። አንድ ወንዝ በበጋና በክረምት ሁለት ወንዝ መሆኑን ያላሰበ ሰው፣ ባልንጀራውን ሐሰተኛ ለማለት ይቸኵላል።

ከዚህ ከፍታ መንገዱ እንደ ገና ይወርድና ወደ ዓባይ የሚገባን አንድ ገባር ወንዝ በብረት ገመድ በተንጠለጠለ ድልድይ ያሻግራል። ድልድዩ በተራመዱበት ቍጥር ስለሚወዛወዝ ሕፃናት እጅግ ይደሰቱበታል፤ እናቶች ግን የልጆቻቸውን እጅ አጥብቀው መያዝ ይገባቸዋል። ከድልድዩ ወዲያ ወደ ፏፏቴው እየቀረቡ ሲሄዱ ምድሩ ሁሉ በርጭቱ የራሰ ነው። ሌላው አገር በፀሐይ ሲደርቅ ይህ ስፍራ የራሱ ካፊያ ስላለው ሣሩ እንደ ለመለመ ይቈያል። ዋርካው፣ ሾላውና ዋንዛው ጥላቸውን ጥለው፣ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉባቸው ይታያሉ። ነገር ግን ይህ ዱር የሚኖረው ከሰማይ በሚወርደው ዝናም ብቻ አይደለም። ፏፏቴው በሳሳ መጠን ርጭቱ ያንሳል፤ ርጭቱም ባነሰ መጠን ለምለሙ ምድር ከዳር ጀምሮ እየደረቀ ይመጣል። ውኃው የወረደው ለተመልካች ደስታ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህን ዱር ወርዶ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል።

ቀጥሎ ዳገቱን ወጥተው ከፏፏቴው በላይ ሲደርሱ፣ ቀድሞ ያዩት ዓባይ ይህ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ውኃው ሰፊና ጸጥተኛ ነው። እዚህ በሞተር ጀልባ ወይም ከደንገል በተሠራ ታንኳ ወደ ማዶው ይሻገራሉ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሥራቸውን ከአባቶቻቸው የተማሩ ስለ ሆኑ፣ ዐይናቸው ሁልጊዜ የውኃውን ጕዞ ይከተላል። ሲሻገሩም ለልጆች ሊነገር የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ፏፏቴ ለዓሣ መውጫ የሌለው ግድግዳ ነው። ከታች በዓባይ ሸለቆ የሚኖር ዓሣ ወጥቶ ጣና ሊገባ አይችልም። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ለብቻቸው ኖረው፣ ባርበስ ከሚባለው ወገን ብቻ በሌላ ዓለም የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ ዓይነቶች በዚህ ባሕር ውስጥ ይገኛሉ። የጣናና የአካባቢው ምድርም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የተጠበቁ የሕይወት ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል።

ከወንዙ ማዶ ጀምሮ እስከ ከተማው ድረስ ያለው መንገድ በእርሻ መካከል ያልፋል። ጤፉና ዳጉሳው፣ በቆሎውና ሸንኰራ አገዳው፣ በየመካከሉም የጫቱ ማሳ በተራ ይታያል፤ ኑጉ ባበበ ጊዜ ደግሞ ሜዳው ወርቅ የተነጠፈበት ይመስላል። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ የፏፏቴው ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ከዚህም በኋላ ከወንዙ ተጠልፎ የሚሄደው ሰፊ የውኃ ቦይና የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫው ይገኛል። የአገራችን ተረት የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይላል። በዚህ ስፍራ የቆመ ሰው፣ በአንድ በኩል ቦዩን፣ በአንድ በኩል ማሳውን፣ በኋላው ታንኳውን፣ ከበታቹም ፏፏቴውን ሲያይ፣ ተረቱ ስለ ምን እንደ ተነገረ ይገባዋል። ውኃው አንድ ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን ብዙ ናቸው።

የነገሩም አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ኀይል የሚሰጥ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ብርሃንና ኀይል ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ከጣና የሚወጣውን ውኃ ለመቈጣጠር በጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ያህል የሚሰጠው ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። እነዚህ ሁለቱ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ወስደው ከፏፏቴው በታች የሚመልሱ ናቸው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ውኃውን ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በምድር ሥር በተቈፈረ ረጅም ዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በጢስ ዓባይ ውኃው የሚወርደው ከ50 ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ሲሆን፣ በበለስ በኩል ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ጋን ውኃ በዚያ በኩል ብዙ እጥፍ ኀይል ይሰጣል፤ ማመንጫውም 460 ሜጋ ዋት የሚደርስ ነው፤ ከዚያም በታች ለመስኖ ይውላል። በዚያ በኩል የሄደ ውኃ ግን ወደዚህ ሸለቆ አይመለስም።

በዚህ ጕዳይ ፍርድ ለመስጠት መቸኰል አይገባም። ማታ በመብራት የሚያነብ ሰው መብራቱን የሚያመነጨውን ውኃ ቢነቅፍ ምስጋና ቢስ ይሆናል። በጨለማ ያጠና ተማሪና በጭስ ዐይኗ የታመመ እናት ኤሌክትሪክ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ነገር ግን ደግሞ ፏፏቴውን ዋጋ የሌለው ጌጥ አድርጎ መቍጠር ሌላ ስሕተት ነው። መሪው፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ቡና የምታፈላዋ ሴትና ሸማ የሚሸጠው ልጅ ኑሯቸው የተመሠረተው በዚህ ውኃ መውረድ ነው። ይልቁንም አንድ ነገር መታሰብ ይገባዋል። በለስ በመጨረሻው የሚገባው ወደ ዓባይ ነው፤ በፏፏቴው የወረደውም ውኃ፣ በበለስ በኩል የሄደውም ውኃ፣ ሁለቱም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገናኛሉ። እንግዲህ ለፏፏቴው የሚለቀቅ ውኃ በበለስ በኩል የሚሰጠውን ጥቅም ቢያስቀርም፣ ከአገሪቱ ሀብት ጨርሶ የወጣ አይደለም። ለፏፏቴው፣ ለዱሩና ለታንኳው የሚሆን፣ በወሩና በቀኑ ተቈርጦ የታወቀ ድርሻ ቢመደብና ለሕዝቡ ቢነገር፣ እንግዳው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ባላገሩም በምን እንደሚተዳደር ይረዳል። በቃል የሚሰጥና በቃል የሚነሣ ድርሻ ግን ድርሻ አይባልም። ድርሻውንም የሚወስነው ሰው ዙሪያውን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜም በክረምት በእግሩ ቢዞር፣ ሎቦና ብሩስ የወደቁበት ስሕተት አያገኘውም።

ይህን መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ ቤተ ሰቦች የሚከተለውን ቢያስታውሱ ይጠቀማሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩንና የመንገዱን ጸጥታ ከሚያውቁት ሹማምንት ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ጕዞው ከ5 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቢሆንም፣ ዳገትና ቍልቍለቱን ቀስ ብሎ ለሚሄድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ በጧት መነሣት መልካም ነው። ድንጋዩ በርጭቱ ስለሚያዳልጥ ጫማው ለመርገጥ የጠነከረ ይሁን፤ ረጅም ቀሚስም ከፍ ተደርጎ ይታሰር። የሚጠጣ ውኃ ከቤት ይዞ መሄድ እንጂ ከወንዙ መጠጣት አይገባም። ከገደሉ አፋፍ ሕፃናትን ማራቅ፣ ውኃው በሞላ ጊዜም ወደ ፏፏቴው ሥር አለመጠጋት ግድ ነው። ለመሪውና ለታንኳ ቀዛፊው የሚከፈለውን ዋጋ ከመነሣት አስቀድሞ በመልካም ቃል ተነጋግሮ መወሰን ክርክርን ያስቀራል። በማሳ መካከል ሲያልፉም አዝመራውን አለመርገጥ፣ ገበሬውንም ሰላምታ ሳይሰጡ አለማለፍ የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

ልጆች ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ የዞሩበትን መንገድ በወረቀት ላይ እንዲሥሉት ቢደረግ ትምህርቱ በልባቸው ይቀራል። ድልድዩን፣ ፏፏቴውን፣ ዱሩን፣ ታንኳውን፣ ማሳውንና ቦዩን በየስፍራቸው ካኖሩ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ምን ያህል ውኃ እንደሚገባው ይጠየቁ። ሲከራከሩም ማንም ፈጥኖ አያስታርቃቸው፤ ነገ በሹመት ወንበር ሲቀመጡ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ይኸው ነውና።